የኦቲሊያ ሻርፕ

በሚያዝያ ነፋስ ሲነሳ የመንደራችን የባራ ሰው ሥራውን ጥሎ ወደ ባሕር ያማትራል። በቀቀኖቹ የሚወጡት በነፋስ ቀን ነዋ! በቀቀን የምንላት ዔሊዋን ነው፤ አፏን ያየ ሰው ስሙን ለምን አወጣችሁላት ብሎ አይጠይቅም። የሌላ አገር ዔሊ በጨለማ ተደብቃ ትወልዳለች ይባላል። የእኛዋ ግን እፍረት የሚባል አልፈጠረባትም፤ በጠራራ ፀሐይ፣ ነፋሱ አሸዋውን ዓይን ውስጥ እየሞጀረ፣ ከእህቶቿ ጋር ግር ብላ ትወጣለች።

ስለዚህ ነፋስ ለእኛ የምሥራች ነው። ኦቲሊያ ግን በዚያ ዓመት ነፋስ በሰማች ቁጥር ትደነግጥ ነበር። እኔ ቾሌ እባላለሁ፤ በዔሊ ጠባቂዎቹ ካምፕ ቦሎቄ ቀቃይ ነኝ። ከምድጃዬ ሥር ሆኜ ያላየሁት ነገር የለም፤ ያላየሁትንም ጠይቄ ደርሼበታለሁ።

ጉዳዩን ከመሐል ለሚቀላቀል ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። የኦቲሊያ አባት፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የዔሊ እንቁላል በአህያ ጭኖ ሲሸጥ ተይዞ የታሰረ ሰው ነበር። ልጅየዋ አድጋ እንቁላል ጠባቂ ሆነች። በየማለዳው ዳርቻውን ትዞራለች፤ የተቀበረውን እንቁላል ቀበሮና ውሻ ሳይቀድማት አውጥታ ወደታጠረው ግቢ ትወስዳለች፤ ከሰው ሌባም ጋር ዱላ ይዛ ትፋጠጣለች። ይህች ልጅ ከመንደሩ ወንድ ሁሉ መርጣ የወደደችው ሊሳንድሮን ነው፤ የዶን ኤውሴቢዮን ልጅ። ዶን ኤውሴቢዮ ማለት ከመንደሩ ጀልባ ግማሹ፣ የመንደሩ በረዶ ቤት ደግሞ ሙሉ በሙሉ የእሱ የሆነ ሰው ነው። ነገሩን የሰማ ዕለት በረዶ ቤቱ በር ላይ ቆሞ፣ የተሰለፈው ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "የእንቁላል ሌባ ልጅ የቤቴን ደፍ አትረግጥም!" አለ። ኦቲሊያ ከተሰለፉት አንዷ ነበረች። በረዶውን ሳትገዛ፣ ባዶ ባልዲዋን ይዛ ተመለሰች።

ፍቅር ግን በር ሲዘጉበት በባሕር ይመጣል። ከካምፑ ፊት ለፊት፣ አሸዋው ጉብታ ላይ፣ አንድ ረጅም ምሰሶ አለን። በቀቀኖቹ በሚወጡበት ቀን ቢጫ ጨርቅ ይሰቀልበታል፤ ቢጫውን ያየ ዓሣ አጥማጅ ሁሉ ጀልባውን ወደ ጥልቁ ያዞራል እንጂ በዳርቻው አያልፍም። በሌላው ቀን ምሰሶው ባዶ ነው። ኦቲሊያ ታዲያ በባዶው ቀን የእናቷን ሰፊ ሰማያዊ ሻርፕ ትሰቅልበት ጀመር፤ ላስጣው ብላ። ሻርፑ በተሰጣ ቁጥር የሊሳንድሮ ጀልባ ከየት መጣ ሳይባል ዳርቻው ላይ ነው። ከተሰቀለ ና፣ ከወረደ አትምጣ፤ ምልክታቸው ይኸው ነበር። ሚስጥር ነው ብለው የሚያምኑት ሁለቱ ብቻ ነበሩ።

"ኦቲሊያ፣ ይሄን ሻርፕ ግን በየቀኑ ምንድን ነው የሚያርሰው?" እላታለሁ።

"ጤዛ ነው አክስቴ" ትለኛለች፣ እስከ ጆሮዋ ቀልታ።

ከዚያ አንድ ቀን ሻርፑ ወረደ፤ ተመልሶም አልተሰቀለም። ሊሳንድሮ በሩቁ እያየ አለፈ። በማግስቱም አየና አለፈ። አባቴ ስለሰደባት እኔንም ጠላችኝ ብሎ ደመደመ፤ ኩሩ ነውና አልጠየቃትም። እሷም ኩሩ ናትና አልነገረችውም። ሁለት ኩሩዎች ሲዋደዱ መሐል ያለ ሰው ነው የሚያሳዝነው፤ መሐል ያለሁት ደግሞ እኔ ነበርኩ።

* * *

አንድ ቀን ዱቄት ልገዛ መንደር ወርጄ ሊሳንድሮ መንገድ ላይ አገኘኝ። ከስቷል። ድሮ ያ ልጅ ሲስቅ ዓይኑ ይጠፋ ነበር፤ አሁን ዓይኑ ብቻ ቀርቷል።

"አክስቴ ቾሌ፣ አንድ ነገር ንገሪልኝ።"

"እኔ ፖስታ ቤት ነኝ?"

አልሳቀም። "ነገ በማለዳ እሄዳለሁ። ጀልባዋን ታምፒኮ ወደብ አድርሼ ከዚያ ወደ ሩቁ ካምፔቼ። አባቴ ትልቅ መርከብ ላይ ሥራ አስገኝቶልኛል። ሳልፍ ምሰሶውን አየዋለሁ በያት። ሻርፑ ተሰቅሎ ካየሁ እወርዳለሁ። አባቴም ይቅር፣ መርከቡም ይቅር፣ በቀጥታ ቄሱ ጋ ነው የምንሄደው። ካልተሰቀለ ግን…" ባርኔጣውን ዓይኑ ላይ ሳበ። "ካልተሰቀለ ሁለተኛ አላስቸግራትም። መቼም፣ ለምንም አልመለስም።"

"አንተ ልጅ፣ ራስህ ሄደህ ብትነግራትስ?"

"ፊት ለፊት 'አይሆንም' ካለችኝ እሞታለሁ አክስቴ። ከጨርቅ ብሰማው ይሻላል።"

ከሰዓት በኋላ ከኦቲሊያ ጋር ቦሎቄ እየለቀምን ቃሉን አንድ ሳላጎድል ነገርኳት። እጇ ሳህኑ ላይ ቀረ።

"እወደዋለሁ አክስቴ።"

"ታዲያ ስቀይው እንጂ!"

"አልችልም።"

"በአባቱ ምክንያት ነው? ያ ሽማግሌ የሚለው ጠፍቶት ነው እንጂ…"

"አይደለም።" ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ለማንም ያልተነፈሰችውን ነገር፣ ቦሎቄውን እያየች፣ ቀስ ብላ አወጣችው። "መጨረሻ የመጣ ቀን ሻርፑን የሰቀልኩት እኔ ነኝ። መጣ፤ ተጫወትን፤ ሄደ። የሞተሩ ድምፅ ገና ከጆሮዬ ሳይወጣ አንዲት በቀቀን ከባሕር ወጣች። ብቻዋን ነበረች። ጀርባዋን የሞተር ምላጭ ሦስት ቦታ ሰንጥቋታል፤ ጎን ለጎን፣ እንደ ዳቦ። አንዱ የኋላ እግሯ ተቆርጧል። የመጣችበት መንገድ ሁሉ ደም ነው።"

"ሞተች?"

"ልትወልድ ነበር የመጣችው። በደህናው እግሯ አንዴ ትምሳለች፤ ከዚያ ተራው የሌላው ሲሆን ጉማጁ አየሩን ይምሳል። አሸዋ የነካች መስሏታል አክስቴ! ደጋግማ በሌለው እግሯ ትምሳለች፣ ትጠብቃለች፣ ጉድጓዱ ግን አይሞላላትም። መጨረሻ ላይ ተንበርክኬ እኔ ቆፈርኩላት። ወልዳ ተመለሰች። ትኑር ትሙት አላውቅም።"

ነፋስ የለም፣ ሰው የለም፤ ቦሎቄው ብቻ ነበር የሚሰማን።

"እሱ ያውቃል?" አልኳት።

"ምን ብዬ ልንገረው? 'እኔን ልታይ ስትመጣ ገደልካት' ልበለው? የጠራሁት እኔ አይደለሁ? አባቴ የሸጠው እንቁላሉን ነው። እኔ እናቲቱን ሸጥኳት።" ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። "ሻርፑ ሰማያዊ ነው ትላላችሁ። እኔ ሳየው ደም ነው። ፈራሁት አክስቴ። መውደዴን ራሱን ፈራሁት።"

ብዙ ምክር አውቃለሁ፤ ሰው ሳይጠይቀኝ ሁሉ እመክራለሁ። ያን ከሰዓት ግን እጇን ብቻ ያዝኩ። በዚያ ሁሉ ሙቀት በረዶ ሆኖ ነበር።

* * *

በማግስቱ ገና ሲነጋ የሞተር ድምፅ ከሩቅ ተሰማ፤ በፊታችን አለፈና ወደ ደቡብ እየሳሳ ሄደ። ኦቲሊያ ሻርፑን ጭኗ ላይ አድርጋ ምሰሶው ሥር ተቀምጣ ነበር። ቀና ብላ አላየችም። ምሰሶው ባዶ ነበር።

"ሄደ" አለች።

"ቡና ላምጣልሽ?"

"ሄደ አክስቴ።"

አጠገቧ ተቀመጥኩ። ልጄ ብትሆን እንዲያ አላዝንላትም። እንባዋ ሳይደርቅ አንድ ነገር ጉንጬን በአሸዋ ጠበጠበኝ። ነፋስ! ረፋዱ ላይ ደግሞ ጉልበቱ ጨምሮ የወጥ ቤቴን ቆርቆሮ ያንቀጫቅጨው ጀመር። የካምፑ ሰዎች በሙሉ ከንጋት ጀምሮ ሰሜን ጫፍ ሄደዋል፤ መኪናዋም ከነሱ ጋር ናት። ጉብታው ላይ ያለነው እኔና እሷ ብቻ ነበርን።

ኦቲሊያ ብድግ አለች። "ራሶቹን አየሻቸው?"

አየሁ። ነጩ ማዕበል ውስጥ ጥቁር ጥቁር ራሶች ብቅ እያሉ ይጠልቃሉ። ብቅ ይላሉ፣ ትንፋሽ ይወስዳሉ፣ ይጠልቃሉ። ባሕሩ ቦሎቄ የፈላበት ድስት መሰለ። የመጀመሪያዎቹ አሸዋው ላይ ወጡ፤ አንዷ እግሯን ሻርክ የሚባለው አዳኝ ዓሣ በልቷታል፣ ሌላዋ አንገቷ ላይ የመረብ ክር ተጠምጥሞ ሥጋዋ ውስጥ ገብቷል። ጥንብ አንሳዎቹም ከየት እንደሰሙ እንጃ፣ አጥሩ ላይ ተደርድረው ይጠብቃሉ።

ኦቲሊያ ቢጫውን ጨርቅ አምጥታ ሰቀለችው። ጨርቁ አርጅቷል፤ አዲስ ይመጣል እየተባለ የከረመ ነው። ነፋሱ አንዴ ነፋው፣ ሁለቴ አራገበው፣ ከዚያ እንደ ወረቀት ቀደደው። ግማሹ ከጉብታው ጀርባ ወዳለው ሐይቅ በረረ፤ ግማሹ ክር ሆኖ ቀረ።

በዚህ ጊዜ ነው ጀልባዎቹን ያየናቸው። ነፋሱ ድንገት የደረሰባቸው አጥማጆች ነፍሳቸውን ለማትረፍ ወንዙ ባሕር ወደሚገባበት ጸጥ ያለ ቦታ ይሮጣሉ። አቋራጩ መንገድ ደግሞ በእኛ ፊት፣ በዳርቻው በኩል፣ በእነዚያ ራሶች ላይ ነው። እያንዳንዱ ጀልባ ከሥሩ የሚሽከረከር ምላጭ አለው።

"ጨርቅ!" ብላ ጮኸች። "አክስቴ፣ ጨርቅ! ማንኛውንም!"

ሽርጤን ፈታሁ። ጥላሸት ጠጥቶ ጠቁሯል፤ ከባሕር ለሚያየው ሌላ ጥንብ አንሳ ነው። አልጋ ልብስ ላምጣ ብል ጀልባዎቹ ይቀድሙኛል። ኦቲሊያ ወደ ታች አየች። ከጭኗ የወደቀው ሻርፕ ምሰሶው ሥር ተጠቅልሎ ነበር።

"አንቺ ልጅ" አልኳት፣ "ይሄ ከወጣ ምን ማለት እንደሆነ ረሳሽው?"

"አልረሳሁም። ግን የሚያነበው ሰው ሄዷል።"

ገመዱ ላይ አስራ ሳበችው። ሻርፑ ምሰሶው ጫፍ ላይ ደርሶ ተዘረጋ፤ ያን የመሰለ ሰማያዊ አይቼ አላውቅም። የፊተኛው ጀልባ አየው፤ ቀለሙን ማን አጣርቶ ያያል፤ ምሰሶው ላይ ጨርቅ አለ፣ በቃ። ወደ ጥልቁ ዞረ። ሁለተኛው ተከተለ። ሌሎቹም አንድ በአንድ አፍንጫቸውን ወደ ውጭ አዞሩ፤ እኔም ትንፋሼ ተመለሰ፣ "ተመስገን" አልኩ።

መጨረሻ ላይ ግን አንድ ነጭ ጀልባ ቀረ። እሱ ወደ ውጭ አልዞረም። አፍንጫውን ወደ እኛ፣ ቀጥ አድርጎ ወደ ምሰሶው አዞረ።

ለካ በማለዳ ያለፈው ሌላ ሰው ኖሯል። ሊሳንድሮን አባቱ በምክርና በቁጣ እስከ ረፋድ አቆይቶት ነበር፤ ይህን የሰማነው ኋላ ነው። ያኔ ግን ማብራሪያ አላስፈለገንም። ኦቲሊያ ክንዴን ጨመቀችው፤ ጥፍሯ ሥጋዬ ውስጥ ገባ።

* * *

ሊሳንድሮ ጀልባው ላይ ቆሞ ነበር። ባርኔጣውን አውልቆ ያውለበልባል። በዚያ ነፋስ ድምፁ ባይሰማም እየሳቀ መሆኑ ከትከሻው ያስታውቃል። ምሥራቹን ተቀብሎ፣ አባቱን ከጀርባው ትቶ፣ ወደ ሙሽራው እየመጣ ነው። ከዚህ በላይ ደስ ያለው ሰው አይቼ አላውቅም። ከፊቱ ግን ባሕሩ በራስ ተሞልቷል፤ እሱ የሚያየው ምሰሶውን ብቻ ነው።

"ተመለስ!" ኦቲሊያ ጮኸች። "ሊሳንድሮ! ተመለስ!" ነፋሱ ቃሏን ከአፏ ነጥቆ ወደ ኋላ ጣለው። እጇን አርገበገበች። እሱም እጁን አርገበገበላት።

"አውርጂው!" አልኳት።

ገመዱን ያዘች። አልሳበችም።

"ካወረድኩት…"

"አውቃለሁ።"

"ለዘላለም ነው አክስቴ! መቼም አልመለስም ብሏል። አንቺው ነሽ የነገርሽኝ!" ዓይኖቿ ከጀልባው ወደ ራሶቹ፣ ከራሶቹ ወደ ጀልባው ይመላለሳሉ። "አሁን አይቶ ደስ ብሎታል፤ አሁን ባወርደው ምን ይላል? ተጫወተችብኝ አይልም?"

በጣቴ ራሶቹን አሳየኋት። የጀልባው ሞተር አሁን ይሰማ ጀመር። ከማዕበሉ በፊት ያሉትን የመጀመሪያ ራሶች ሊደርስባቸው ጥቂት ቀረው። ኦቲሊያ ዓይኗን ጨፍና ሳበችው። ነፋሱ ከምሰሶው ሥር ያለውን የገመድ ቋጠሮ አጥብቆት አልወርድ አለ። በጥርሷ ያዘችው። ከንፈሯ ደማ፤ ቋጠሮው ተፈታ፤ ሻርፑ እንደ ተመታ ወፍ እላያችን ላይ ወደቀ።

ሊሳንድሮ የሚያውለበልበው እጅ አየር ላይ ቀረ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወረደ። ተቀመጠ።

ኦቲሊያ አንድ ድምፅ አወጣች፤ ለቅሶ አልነበረም። ሰው ጣቱ ላይ በር ሲዘጋበት የሚያወጣው ዓይነት ነው።

ጀልባው ግን ገና እየመጣ ነበር። አንገቱን የደፋው ልጅ፣ ምሰሶውን ማየት ያቆመው ልጅ፣ አንገቱን በመድፋቱ ውሃውን አየ። ዘሎ ቆመ። ወደ ግራ አየ፣ ወደ ቀኝ አየ፤ ከሁሉም በኩል ከበውታል። ቢዞር ይቆርጣቸዋል፤ ቢቀጥል ይቆርጣቸዋል። የሞተሩ ድምፅ ድንገት ጠፋ። ሊሳንድሮ ሞተሩን በሁለት እጁ አቅፎ ምላጩን ከውሃው ብድግ ሲያደርግ አየሁት።

ሞተር ያጠፋ ጀልባ በዚያ ማዕበል ውስጥ ምን እንደሚሆን የባራ ሕፃን ያውቃል። ጀልባው ጎኑን ሰጠ። የመጀመሪያው ማዕበል አነሳውና መለሰው። ሁለተኛው ገለበጠው።

ነጩ ሆዱ ብቻ ታየ። ሊሳንድሮ የለም።

"ራሱን ፈልጊ!" ትላለች ኦቲሊያ፣ ሻርፑን አንገቷ ላይ ጠምጥማ እየሮጠች። "ራሱን ፈልጊ አክስቴ!" ፈለግሁ። ራስ ሞልቷል፤ አንዱ ይጠልቃል፣ ሌላው ብቅ ይላል፣ ጥቁር ነው፣ እርጥብ ነው፣ በእያንዳንዱ ልቤ ዘለለች። ሁሉም የዔሊ ነበር።

እሷ እስከ ወገቧ ባሕር ውስጥ ገብታለች። ዔሊዎቹ እግሯን እየገፉ ያልፋሉ፤ እንዳትረግጣቸው ትፈራለች፣ እንዳትቆም ትፈራለች። ስሙን ትጠራለች። ድምፅዋ ሲሰበር በሹክሹክታ ትጠራዋለች። እኔ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ጀምሬ አንዱንም መጨረስ አቃተኝ።

* * *

ከካምፑ በስተደቡብ ባለው የዳርቻው ጫፍ፣ ከማዕበሉ እየተሳቡ ከሚወጡት መካከል አንዱ ሰው ሆኖ ተገኘ።

በአንድ እጁና በጉልበቱ ይሳባል። ቀኝ ትከሻው ወርዷል፤ ግንባሩ ተፍቋል። በግራና በቀኙ በቀቀኖች አሉ፤ ማንም ማንንም ልብ አላለም። ኦቲሊያ ደርሳ ተደፋችበት። ከዚያ ደረቱን በቡጢ ትመታው ጀመር።

"ሞተሩን ለምን አጠፋኸው? ጅል! ለምን አጠፋኸው?"

"ሻርፑን ለምን አወረድሽው?" አለ እያሳለ፣ ውሃ እየተፋ። "ሰቀልሽው፣ አወረድሽው። ምን አድርጌሽ ነው?"

"ዝም በል፤ ትከሻህ!" ሻርፑን ከአንገቷ ፈትታ እጁን አንገቱ ላይ አንጠልጥላ አሰረችለት። እሱ ዓይኑን ከእሷ አልነቀለም፤ ሕመሙን የረሳ ይመስላል።

"ምን አድርጌሽ ነው ኦቲሊያ?" አለ እንደገና፣ አሁን ቀስ ብሎ።

እሷ ግን ከጀርባው የሆነ ነገር አይታ ደንግጣ ቀርታለች። አንዲት በቀቀን ከእነሱ ጥቂት ራቅ ብላ አሸዋ መማስ ጀምራ ነበር። ጀርባዋ ላይ ሦስት ስንጥቅ፣ ጎን ለጎን፤ ደሙ ቆሟል፣ ስንጥቁ ግን እንደ ተከፈተ ነው፤ ያቺው ናት፣ በቀቀን በአንድ ወራት ሁለት ሦስቴ ትወልዳለችና። በደህናው እግሯ አንዴ ትምሳለች። ከዚያ ጉማጁ ይነሳል፣ አየሩን ይምሳል፣ ይመለሳል። ደግሞ ይነሳል።

"ይቺ ምን ሆና ነው?" አለ ሊሳንድሮ።

ኦቲሊያ ከንፈሯን ነከሰች፤ የደማውን ከንፈሯን። "የመጨረሻው ቀን" አለች። "ልታየኝ መጥተህ ስትመለስ። ከሄድክ በኋላ ወጣች።"

ሌላ ነገር አልጨመረችም። ሊሳንድሮ ስንጥቁን አየ፤ ዓይኑ ወደተገለበጠው ጀልባ ሄደ፤ ተመልሶ ጉማጁ ላይ አረፈ። ፊቱ ሲለወጥ አየሁት፤ ከባሕሩ ይልቅ ያን ጊዜ የሰመጠ መሰለኝ። ኦቲሊያ ትንፋሿን ይዛ ትጠብቃለች። የፈራችው ሰዓት ይኸው ነበር፤ ወይ "እኔ አይደለሁም" ይላል፣ ወይ "ለዔሊ ብለሽ ነው ወይ እንዲህ ያሰቃየሽኝ" ይላል።

አንዱንም አላለም። በጉልበቱ እየዳኸ ከዔሊዋ ጀርባ ሄደ፣ በሆዱ ተኛ፣ ጉማጁ በተነሳ ቁጥር በደህናው ግራ እጁ አሸዋውን ይቆፍርላት ጀመር። እሷ በእግሯ አንዴ፣ እሱ በእጁ አንዴ። እሷ አንዴ፣ እሱ አንዴ። ኦቲሊያ አፏን በመዳፏ ይዛ ታለቅሳለች።

የመኪና ጥሩምባ ሰማሁ። ዶን ኤውሴቢዮ ጀልባው መገልበጡ ተነግሮት በመኪናው በዳርቻው አሸዋ ላይ እየከነፈ ነው፤ ከፊቱ ዔሊ፣ ከሥሩ እንቁላል። ከወጥ ቤት ስወጣ ጭልፋዬን አልጣልኩም ነበርና ጭልፋዬን ይዤ መንገዱ መሐል ቆምኩ።

"ዞር በይ ቾሌ! ልጄ ሞቷል!"

"ልጅዎ አለ! በእግርዎ ይምጡ! አለዚያ እኔን ይዳጡኝ፣ እኔ ወፍራም ነኝ፣ መኪናዎ ይሰበራል!"

ወርዶ በእግሩ ሮጠ። ደርሶም ቆመ። ያየው ነገር የገባው አልመሰለኝም፤ ልጁ በሆዱ ተኝቶ ጉድጓድ ይቆፍራል፣ የእንቁላል ሌባው ልጅ አጠገቡ ተንበርክካለች። ሰው ሲደነግጥ የለመደውን ነው የሚናገረው።

"ጀልባዬስ?" አለ።

"ዝም በል አባባ" አለ ሊሳንድሮ ቀና ሳይል። "እየወለደች ነው።"

በባራ ዶን ኤውሴቢዮን ዝም በል ያለው ሰው የለም። ሽማግሌው አፉን ከፈተ። ነጭ እንቁላሎች አንድ በአንድ ልጁ በቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ሲወድቁ አየ። አፉን ዘጋ። ከዚያ ኦቲሊያን ሳይሆን አሸዋውን እያየ፣ "ትከሻው ወልቋል፤ ወጌሻ ጋ ይወሰድ" አለ። "የጀልባውን ነገር እንነጋገርበታለን።" ሲመለስ እንቁላል እንዳይረግጥ እርምጃውን እየመረጠ ይራመድ ነበር።

በቀቀኗ ጉድጓዱን ከደነች። ሆዷን ግራ ቀኝ እያማታች አሸዋውን ደበደበችው። ከዚያ ዞራ ወደ ባሕሩ ሄደች፤ እነዚያን ሦስት ስንጥቆች ተሸክማ። ነፋሱ አልበረደም። ከነጩ ማዕበል ማዶ ሞተር አለ፣ መረብ አለ፣ ሻርክ አለ።

"ትተርፋለች?" አለ ሊሳንድሮ።

"አላውቅም።"

ማዕበሉ ወሰዳት። ራሷ አንዴ ብቅ አለ፤ ከዚያ ከሌሎቹ ጋር ተደባለቀ። ሁለቱም ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ቢጠብቁም እሷን ከሌላው መለየት አልተቻለም።

"ኦቲሊያ።" ድምፁ ከነፋሱ በታች ነበር። "ዛሬ ሰቅለሽው ነበር። አውርደሽውም ነበር። እኔ የቱን ልቁጠር?"

ወደ እሱ ዞረች። ሰማያዊው ጨርቅ አንገቱ ላይ ታስሮ፣ ደረቱ ላይ ወርዶ፣ በጨው ውሃ ርሶ ነበር። ቋጠሮውን ይዛ አንድ ጊዜ አጠበቀችው፤ አመመው፣ ግን አልተንቀሳቀሰም።

"አሁን የት እንደተሰቀለ እይዋ" አለችው። "እኔ ሁለተኛ አላወርደውም። ማውረዱ በጣም ያማል።"